አረጋውያንን ልትጦሪ ለምትሄጂው ልጄ

ልጄ፣ ከዳንግላ ተነሥተሽ አዲስ አበባ፣ ቢኒያም በለጠ በመሠረተው የመቄዶንያ መጦሪያ አረጋውያንን ልታገለግዪ እንደሆነ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልብሽ ደግ ነው፤ እጅሽ ግን ይቸኩላል። እነዚህን ያዢልኝ።

1. ሳታስፈቅጂ አትቅረቢ። እኛ አገር ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይል አይዘልቅም። ብዙ አልጋ በተደረደረበት ክፍል ደግሞ የሽማግሌው ቤት ያቺው አልጋው ናት። ከትራሱ ሥር ያለችውን ቋጠሮ «ላጸዳ ነው» ብለሽ አትፍቺ።

2. «አንቱ» በዪ። ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ጠይቀሽ ጥሪያቸው፤ መሪጌታውን እንደማንም «አባባ» ብትያቸው ዕድሜ ልክ የደከሙበትን ነጠቅሻቸው ማለት ነው። አገውኛ ተናጋሪ ካገኘሽ በቋንቋቸው ሰላም በያቸው። አንዳንዱ ሲያረጅ ኋላ የለመደው አማርኛ ቀድሞ ይጠፋዋል።

3. ስታጥቢ ሸፍኚ። መጋረጃውን ሳቢ፣ የምታጥቢውን ብቻ ግለጪ፣ ሌላውን በአንሶላ ከልዪ። ከመንካትሽ በፊት «አሁን እግርዎን ላጥብ ነው» በዪ። ሽንት ካመለጣቸው ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ጎረቤት አልጋ ጆሮ አለው። ብዙ አዛውንት «አልታጠብም» ብለው የሚያስቸግሩት ውሃ ጠልተው እንዳይመስልሽ፤ አፍረው ነው።

4. ስልክሽን አታውጪ። በዚህ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ጥር 23 በፈረሰኞቹ በዓል እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ የሚጋልብ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ «እዩኝ» ብሎ ነው የወጣው፤ ፎቶ ብታነሺው ደስ ይለዋል። ያው ሰው ዳይፐር ሲቀየርለት ግን ማንም እንዲያየው አይፈልግም። «ለዕርዳታ ማሰባሰቢያ ነው፣ ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው» የሚልሽ አይጠፋም። ዓላማው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሰው የሚበላውን እንጀራ በገመናው መክፈል የለበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱ እንዲከበር መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ መጦሪያ የገባውን አልለየም። አእምሮው የደከመ ሰው «እሺ» ቢልሽ እንኳ ፈቀደ ብለሽ አትያዥው። ምስሉ አንዴ ከወጣ በኋላ አንቺም መመለስ አትችዪም።

5. የሰማሽውን ዋጥ አድርጊ። ምን በሽታ እንዳለባቸው፣ ልጆቻቸው ለምን እንደራቋቸው የቡና ወሬ አይደለም። ለነርሷ መነገር ያለበት ለነርሷ ተነግሮ ያብቃ። ለበዓል እንጅባራ ስትመጪ፣ ከአገራችን ሰው እዚያ የገባው ማን እንደሆነ እኔም ብጠይቅሽ አትንገሪኝ።