ስለ እንጦጦ ተራራ ደን

ከአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን እንጦጦ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው ከተማቸውን በዚያ አድርገው ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

በጥንት ዘመን ተራራው ጥድና ወይራ፥ ኮሶም የለበሰ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ግን ሕዝቡ በዛ፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶም ዛፉን ቈረጠው። የሚቈርጥ ብዙ ነበር፤ የሚተክል ግን ጥቂት ነበር። እንጨትም ስለ ጠፋ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ ስላደገ ከተማው ከስፍራው ሳይነቀል ቀረ።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። አፈሩ ራቁቱን ሲቀር ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ በዚህ ዘመን የአገሩ ዛፎች እንደ ገና ይተከሉበታል፤ በ2013 ዓ.ም.ም እንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፈተ።

በተራራው ጫፍ ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በስተ ሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ፥ በስተ ደቡብ የወረደው በቀበናና በሌሎች ወንዞች አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደን ከሌለ ግን ውሃው ወደ ምድር አይሰርግም፤ ጎርፍ ሆኖ ወደ ሰው ቤት ይወርዳል።

አንዲት ድኻ ሴት ከእንጦጦ ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ እየሸጠች ልጇን ታሳድግ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ሸክሙን ለመሙላት ብሎ ለጋ ጥድ ሊቈርጥ መጥረቢያውን አነሣ። እናቱም፥ «ተው ልጄ! ጭራሮው የዛሬ እራታችን ነው፤ ይህ ጥድ ግን የልጅ ልጅህ ጥላ ነው» አለችው።

ልጁም፥ «እማዬ፥ እኛ ብንተወው ሌላው ይቈርጠው የለምን?» አላት።

እርስዋም፥ «ሌላው ቢቈርጠው በደሉ የሌላው ነው፤ እኛ ብንቈርጠው ግን የእኛ ነው» ብላ መለሰችለት።

በዚያ ቀን ሸክማቸው ጎደለ፤ እራታቸውም አነሰ። ጥዱ ግን ቆመ።

ከዚህ ነገር ልጆች ይህን ይማሩ፦ እግዚአብሔር ለመጀመሪያው ሰው የሰጠው ሥራ የተክል ቦታን መንከባከብ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ጥድ ግን የተከለው ሰው ካለፈ በኋላ ይኖራል። እንግዲህ ጥድ የሚተክል ሰው ለማያውቀው እንግዳ ማዕድ እንደሚያሰናዳ ሰው ነው።