የቡድን ሥራ አማና ነው፦ በሽፋን ገጹ ላይ ስለሚጻፈው ስማችን



ውድ እህት ወንድሞች! ሴሚስተሩ ሲጋመስ በዶርምም በመስጂድ በርም የሚሰማው ሮሮ አንድ ዓይነት ነው። «አምስት ሆነን ተመደብን፤ የሠራነው ሁለት ነን፤ ማርኩ ግን እኩል ተሰጠን።» «ጎበዙ ልጅ ሥራውን ለማንም አላካፍልም አለ፤ እኛ ፕረዘንቴሽን ላይ የማናውቀውን አነበብን።» «ስብሰባ የሚጠሩት ሁልጊዜ በጁሙዓ ሰዓት ነው።» ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ምህንድስና፣ ሕግ ወይም አካውንቲንግ የምንማር ሁሉ ከቡድን ሥራ ማምለጫ የለንም። ስለዚህ በዚህ እትም ጉዳዩን ከዲናችን አንፃር እናየዋለን። መልእክታችን አጭር ነው፦ በሪፖርት ሽፋን ላይ የሚጻፍ ስም ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ አማና ነው።

1. ሙያን ለምን በቡድን እንማራለን?

ተመርቀን የምንገባበት ሥራ ብቻችንን የምንሠራው አይደለም። ቀዶ ሐኪም ያለ ሰመመን ባለሙያና ያለ ነርስ አይሠራም። የአርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሥዕሎች ካልተናበቡ ስህተቱ የሚታየው ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው።

በአገራችን ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን የነበረው በጤና ጣቢያ አንድ ቡድን ሆነው እንዲሠሩ ነበር። ጅማም ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ጊዜ ጀምሮ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል። ዛሬ ቲቲፒ የምንለው፣ ከተለያየ የጤና ዲፓርትመንት የመጡ ተማሪዎች አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው የሚሠሩበት ፕሮግራም የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው።

እንዲህ ባለ የመስክ ሥራ ቡድኑ ቤት ለቤት ዞሮ መረጃ ይሰበስባል እንበል። አንዱ አባል ፀሐዩን ፈርቶ ጥላ ሥር ቁጭ ይልና መጠይቁን በግምት ይሞላል። ቡድኑ የቀበሌውን ዋና የጤና ችግር ለይቶ ዕቅድ የሚያወጣው በዚያ መረጃ ነው። መምህሩ ላያውቅ ይችላል፤ ማርኩም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ቤቷ ሳይንኳኳ «ንጹሕ ውኃ አላት» ተብሎ የተጻፈባት እናት ግን ሐቋ ጠፍቷል፤ የጠፋውም በአምስት ሰው ስም ነው። የቡድን ሥራ ጉዳይ የማርክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

2. ሰው ሲበዛ ለምን ይለግማል?

ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ የሚያወጡትን ኃይል ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሟል። ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ኃይል ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ምክንያት እኩል አለመሳባቸው ነው። ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደግሞ በ1979 ሰዎችን በቡድን አስጨብጭበውና አስጩኸው ልግመትም እንዳለበት አሳዩ። በ1981 ባወጡት ጥናት ግን ሰዎቹ የየራሳቸው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲያውቁ ልግመቱ ጠፋ።

ለሙእሚን ይህ ትልቅ ማስታወሻ ነው። በሱረቱ ዘልዘላህ እንደተነገረን የብናኝ ክብደት ያህል ሥራ እንኳ አይጠፋም። ማርኩ በጋራ ቢሰጥም የሥራ መዝገባችን የየብቻችን ነው።

3. ከኸንደቅ የምንማረው

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ የቁረይሽና የአጋሮቿ ጦር ወደ መዲና ሲመጣ ሙስሊሞች በሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ) ምክር ኸንደቅ ቆፈሩ። ጊዜው የብርድና የረሃብ ነበር። ከዚህ ታሪክ ለቡድን ሥራ አራት ነገር እንወስዳለን።

አንደኛ፣ ድርሻው የታወቀ ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ለየአሥሩ ሰው አርባ ክንድ ተለክቶ ተሰጠ። «ሁላችንም እንቁፈር» ተብሎ በደፈናው አልተተወም።

ሁለተኛ፣ መሪው አብሮ ሠራ። በቡኻሪ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆዳቸውን አቧራ እስኪሸፍነው ድረስ አፈር ተሸክመዋል። የቡድን መሪ ሥራው በቴሌግራም «የት ደረሳችሁ?» ብሎ መጻፍ ብቻ ከሆነ ከዚህ ሱና ርቋል።

ሦስተኛ፣ ችግር አልተደበቀም። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳወሩት ሶሓቦቹ የማይበገር ድንጋይ ሲገጥማቸው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደው ነገሯቸው። የተሰጠህ ምዕራፍ ካልገባህ ወይም ላፕቶፕ ከሌለህ ዴድላይኑ ሳይደርስ ተናገር። ማስረከቢያው ዋዜማ ማታ የሚነገር ችግር ለማንም አይጠቅምም።

አራተኛ፣ በፈቃድ የሚሄድና ተሰውሮ የሚሄድ ተለዩ። ሱረቱ ኑር አንቀጽ 62 እና 63 ከዚህ ቁፋሮ ጋር ተያይዘው በሲራ ይጠቀሳሉ። አማኞቹ በጋራ ጉዳይ ላይ ሳሉ ጉዳይ ቢገጥማቸው ሳያስፈቅዱ አይሄዱም ነበር፤ ሙናፊቆቹ ግን ተከልለው ሹልክ ይሉ ነበር። አስተውሉ፦ ችግር ያለበት ሰው አልተወቀሰም፤ እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲፈቅዱለትና ምሕረት እንዲለምኑለት ታዘዙ። የተወቀሰው መሰወሩ ነው።

4. ሦስት ዓይነት ጥፋት

የሚሰወረው። ስልኩ የሚዘጋ፣ መልእክት አንብቦ ዝም የሚል፣ በመጨረሻው ቀን «ስሜን እንዳትረሱ» የሚል አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያላገኘውን እንዳገኘ መስሎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 188ም ባልሠሩት ሊመሰገኑ የሚወዱትን ያስጠነቅቃል። ሳይሠሩ ስም ማስጻፍ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

የሚሸፍነው። ይህ በእኛ ዘንድ የሚብሰው ነው። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው፦ «የጀመዓ ወንድሜ ነው»፣ «የአገሬ ልጅ ነች»፣ «ስሙን ባወጣው ምን ይሉኛል?» አንዳንዱ ደግሞ የሙስሊምን ነውር መሸፈን የታዘዘ ነው ብሎ ይከራከራል። መሸፈን ግን ለግል ስህተት ነው፤ የሌላን ሰው ሐቅ የሚነካ ነገር በእኛ ፊርማ እንዲያልፍ ማድረግን አይጨምርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይም ቢሆን ተበዳይ ወንድማችንን እንድንረዳ ሲያዙ ሶሓቦች በዳዩን እንዴት እንደሚረዱ ጠየቁ፤ መልሱም ከበደሉ መከልከል የሚል ነበር። መድኃኒት መጠን ማስላት ሳይችል እንዲመረቅ የረዳነው ወንድም ተረድቷል ማለት አይቻልም። ነገ እናታችንን የሚያክመው እሱ ሊሆን ይችላል።

ጠቅልሎ የሚይዘው። ጎበዝ ተማሪ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ሠርቶ ሌሊቱን ሲያማርር ይታያል። ድካሙ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሎቹ እንዳይማሩ በሩን የዘጋው እሱ ሊሆን ይችላል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወንድማቸው ሃሩን አብሯቸው እንዲላክ አላህን ሲለምኑ፣ ሃሩን በአንደበት ከእርሳቸው የተሻለ መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል። አጋር መፈለግ አቅም ማነስ አይደለም። ደግሞም ዝም ያለ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ እንግሊዝኛው የከበደው፣ የተናገረው የተሳቀበት፣ ላፕቶፕ እንደሌለው መናገር ያፈረ አለ። ከመውቀስ በፊት ለብቻው መጠየቅ ሑስኑ ዘን ነው።

5. ሐሳብ ሲለያይ

ዑስማን (ረ.ዐ) ሙስሐፉን ሲያስገለብጡ ሥራውን ለአራት ሰዎች ሰጡ፦ ለዘይድ ኢብን ሳቢት፣ ለዐብዱላህ ኢብን ዙበይር፣ ለሰዒድ ኢብኑል ዓስ እና ለዐብዱረሕማን ኢብኑል ሓሪስ። ዘይድ አንሷሪ ናቸው፤ ሦስቱ ግን ቁረይሾች ነበሩ። ስለዚህ ዑስማን በቃል አጻጻፍ ላይ ከተለያዩ በቁረይሽ አነጋገር እንዲጽፉ አስቀድመው ነገሯቸው። ልዩነቱ ሳይመጣ መፍቻው ተቀመጠ። የእኛ ቡድኖች የሚጣሉት ብዙ ጊዜ ይህን ስለማያደርጉ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ካልተስማማን በድምፅ ብልጫ» ወይም «መምህሩን እንጠይቃለን» ተብሎ ቢወሰን ስንት ቂም ይቀር ነበር!

6. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ. በመጀመሪያው ስብሰባ ሥራውን ከፋፍላችሁ ስም፣ ድርሻና ቀን ያለበት ሠንጠረዥ ጻፉ። ማስረከቢያውን ከመምህሩ ቀን ሦስት ወይም አራት ቀን አስቀድሙ።

ለ. የሶላት ሰዓታችሁን ያኔውኑ በትሕትና ተናገሩ። «ከዙህር በኋላ ይመቸኛል» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይከበራል። ሶላትን ምክንያት አድርጎ ሁለት ሰዓት መጥፋት ግን ዲኑን ማሰደብ ነው። የክርስቲያን ጓደኞቻችሁን በዓልና ጾምም እናንተ አስታውሱላቸው።

ሐ. ወንድና ሴት በአንድ ቡድን ሲመደቡ በላይብረሪ ወይም ሰው በሚያይበት ግልጽ ቦታ ተገናኙ። ንግግሩ በሥራው ላይ ይሁን፤ ሥነ ሥርዓት መጠበቅ ግን እህቶችን ከውይይት ማግለል ወይም የጽሕፈት ሥራ ብቻ መስጠት ማለት አይደለም።

መ. አባል ሲጠፋ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ ለብቻው ጠይቁት፤ ቀጥሎ በቡድኑ ፊት አስታውሱት፤ ከዚያ ትንሽ ድርሻና ቁርጥ ያለ ቀን ስጡት። ይህ ሁሉ ካልሠራ ከማስረከባችሁ በፊት እንደምትናገሩ አሳውቁት፤ ከዚያም ለመምህሩ ተናገሩ። በሌለበት ሐሜት ማብዛት ከዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ የለም።

ሠ. በሪፖርቱ መጨረሻ ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ አያይዙ። መምህሩ ባይጠይቅም አድርጉት። ላታኔና ባልደረቦቹ ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ድርሻው ሲታይ ልግመት ይቀንሳል።

ረ. ሁሉም የሁሉንም ክፍል አንብቦ ይቅረብ። አንድ አባል ሌላው ስለጻፈው ሲጠየቅ መልስ ካጣ ቡድኑ ገና አልጨረሰም።

ማጠቃለያ

እህት ወንድሞች! የቡድን ሥራ ይመራል። በትጋታችን ሌላው ማርክ ሲያገኝ ይከነክነናል፤ ይህ ስሜት ኃጢአት አይደለም። ግን ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 2 በበጎና አላህን በመፍራት እንድንተባበር፣ በወንጀልና ወሰን በማለፍ ግን እንዳንተባበር አዝዞናል። በአንድ ሪፖርት ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ስማችን አጠገብ ከማንና ከምን ጋር እንደተጻፈ ስናይ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሙስሊም ተማሪ በቡድን ሲመደብ ጓደኞቹ «እሱ ካለ ሥራው አይጠፋም» ቢሉ ትልቅ ዳዕዋ ነው።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ እውቀታችንንም ለሰው የሚጠቅም ያድርግልን። ኣሚን።

ለሐለቃ ውይይት

1. በአሁኑ ሴሚስተር ባላችሁበት ቡድን የእያንዳንዱ ድርሻ በጽሑፍ ይታወቃል? ካልታወቀ በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?

2. በይሉኝታና በእዝነት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከቡድን ሥራ ምሳሌ ስጡ።

3. በቡድናችሁ ውስጥ ዝም ያለ አባል አለ? ለምን ዝም እንዳለ ጠይቃችሁታል?