ከውዳቂ ብረት ስለ ተሠራ የነዳጅ መርገጫ



ባለፈው ክረምት እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ፣ አጎቴ ከጣለው የባጃጅ ሞተርና ከውዳቂ ቱቦ ብረት አንዲት ትንሽ መኪና ለመሥራት ተነሣን። ሞተሩን ከኋላ አስቀመጥነው፤ መሪውንም እንደ መኪና ክብ አደረግነው። በዚህ ጊዜ አንድ ችግር መጣ። በባጃጅ ላይ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ በሚጠመዘዘው መያዣ ነው፤ ክብ መሪ የያዘ ሰው ግን እጁ ባዶ አይደለም። ስለዚህ የእጁን ሥራ ለእግር ማስተላለፍ ግድ ሆነብን። የዚያን መርገጫ አሠራር ከዚህ ቀጥዬ እገልጻለሁ፤ የመጀመሪያው ለምን አጥር እንዳፈረሰም እናገራለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንወቅ። ስሙ ነዳጅ መስጫ ይባል እንጂ፣ ካርቡራቶር ባለው የቤንዚን ሞተር ላይ እግራችን የሚከፍተው የአየሩን በር ነው። በሩ ሲከፈት ብዙ አየር በጠባቡ ጉሮሮ በፍጥነት ያልፋል፤ በዚያም ስፍራ ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚኑ በቀጭኑ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። በናፍጣ የሚሠሩት፣ ወደ መካነ ኢየሱስ እህልና ሸቀጥ የሚያመላልሱት አይሱዙዎች ግን ሌላ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ መርገጫው የሚያዘው ናፍጣውን ስለሆነ ስሙ በትክክል ይስማማቸዋል።

አሁን ወደ ልኩ እንመለስ። በእኛ ካርቡራቶር ውስጥ ያለው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ገመዱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መሳብ አለበት። እግር ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ ጥቂት መስጠትና ብዙ መስጠት አይለይም፤ መኪናዋም እንደ ደነገጠች በቅሎ ትዘላለች። 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ይመቻል። ስለዚህ በፊዚክስ ትምህርት የተማርነውን የማንሻ ሕግ አመጣን። ከመዞሪያው ብሎን እስከ እግር ማረፊያው 18 ሳንቲ ሜትር፣ ከብሎኑ እስከ ገመዱ ማሰሪያ 6 ሳንቲ ሜትር አደረግን። እግር 6 ሲሄድ ገመዱ 2 ይሳባል። ኃይሉም እንዲሁ ይካፈላል፤ ሞላው ገመዱን በ3 ኪሎ ክብደት ልክ ቢይዘው ለእግር የሚደርሰው 1 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ሒሳብ በደብተር ላይ ስንሠራው እጅግ ደስ አለን፤ ሁሉ ነገር ያለቀም መሰለን።

የመጀመሪያውን መርገጫ ከአሮጌ የበር ማጠፊያና ከላሜራ ቁራጭ ሠራነው። መመለሻው በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ሞላ ብቻ ነበር። ገመዱንም ቦታ ለመቆጠብ ብለን ከመቀመጫው ኋላ በኃይል አጠፍነው። በግቢያችን ውስጥ ስንሞክራት መልካም ሄደች። ከዚያ እግሬን ባነሣም ሞተሩ መጮኹን አላቆመም፤ ገመዱ በታጠፈበት ላይ ነክሶ ቀርቶ ነበር። የጎረቤታችንን የባሕር ዛፍ አጥር ጥሰን ገባን። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ የእጁ አንጓ ወለም አለው፤ ሦስት ሳምንትም ብዕር ሳይዝ ቆየ። ጎረቤታችን እማሆይ ወጥተው አዩንና፣ «ልጆቼ፣ መሄዱን ታውቃላችሁ፤ መመለሱን ግን ማን ያስተምራችሁ?» አሉን። አጥሩን በሁለት ቀን አቆምንላቸው።

ስሕተቱ ከሒሳቡ አልነበረም። እኛ ያሰብነው እግር ሲጫን ስለሚሆነው ብቻ ነበር፤ መርገጫ ግን ይልቁን የሚፈተነው እግር ሲነሣ ነው።

ሁለተኛውን በሌላ መንገድ ሠራነው። በአገራችን መንገድ ብዙ ዘመን የታየችው ፎልክስዋገን ሞተሯ ከኋላ፣ መርገጫዋ ከፊት ስለሆነ የነዳጅ ገመዷ በመኪናዋ ወለል መካከል በቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኛም ገመዳችንን እንደዚያው ቀጥ አድርገን አሳለፍን፤ መዞር በሚገባው ስፍራም ሰፊ ቅስት ሰጠነው። የገመዱን ልባስ በሁለቱም ጫፍ አጥብቀን አሰርን። በማጠፊያው ፈንታ የማይላወስ ብሎን ከነቡሽው አስገባን። በመርገጫውም ላይ ሁለት ሞላ ጨመርን፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ብቻውን እንዲመልስ ነው። በዛሬዎቹ ኤሌክትሮኒክ መኪኖችም በመርገጫው ውስጥ ሁለት መለኪያዎች ተደርገው አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል። ከመርገጫው በታች ደግሞ ማቆሚያ ብረት በየድን፤ ይህ ባይኖር እግር በጭንቀት ሲረግጥ የሚጎተተውና የሚበጠሰው ገመዱ ነው። በመሪው አጠገብም የካንዴላውን እሳት የሚቆርጥ ማጥፊያ አኖርን።

ፈተናው ሞተሩ ሳይነሣ ይደረጋል። አንዱ ይረግጣል፤ ሌላው ጆሮውን ወደ ካርቡራቶሩ ያስጠጋል። እግር በተነሣ ቁጥር መዝጊያው «ቀጭ» ብሎ መውደቅ አለበት። ከዚያ አንዱን ሞላ ፈትቶ መድገም፤ መልሶ አስሮም ሁለተኛውን መፍታት ያስፈልጋል። መሪውንም ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው እያዞሩ ገመዱ አለመወጠሩን ማየት ነው። እኛ እያንዳንዱን ሃያ ሃያ ጊዜ ሞከርን፤ ሁልጊዜም ተዘጋ። እጁ የዳነው ጓደኛዬ ግን ማጥፊያውን ራሱ ካልያዘ አልቀመጥም ስላለ እርሱ ይዞ ተቀመጠ።

ስለ ፍሬኑ አሠራር፣ ዋናው ክፍል ገና ስላላለቀ፣ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ እንጽፋለን።