የእባብ ጀልባዎቹ ውሃ፦ ከአላፑዛ ለጤና ተማሪዎች የሚሆን ትምህርት

በዚህ እትም በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ክልል ወደምትገኘው አላፑዛ እንሂድ። ቦታው ለእኛ እስከዚህም ባዕድ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆስፒታል የተኛ ሰው ከኬረላ የመጣች ነርስ ሳታስታምመው አትቀርም። በንጉሡና በደርግ ዘመን አገር ቤት የተማሩ ወላጆቻችሁንም ጠይቁ፤ ብዙዎቹን ሕንዳውያን አስተምረዋቸዋል፣ ከእነዚያም መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ።

ውድድሩ

አላፑዛን ዓለም የሚያውቃት በ«ቹንዳን ቫላም» ማለትም በእባብ ጀልባ ውድድር ነው። ጀልባው ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የኋላው ጫፍ አንገቱን እንዳቀና እባብ ወደ ላይ ይቆማል። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፍረው፣ በዘፈን ምት እኩል ይቀዝፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ አካባቢውን ሲጎበኙ ውድድር ተዘጋጀላቸው። በጣም ከመደሰታቸው የተነሣ አሸናፊው ጀልባ ላይ ዘለው ወጡ፤ በኋላም በጀልባ ቅርጽ የተሠራ የብር ዋንጫ ላኩ። ዛሬ በፑናማዳ ሐይቅ የሚደረገው ውድድር የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው።

ውሃው

ከውድድሩ ማግስትም ሕዝቡ ከውሃው አይለይም። ኩታናድ በሚባለው የአላፑዛ ክፍል ሩዝ የሚዘራው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ማሳው 2 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ገበሬው በግድብ ከልሎ፣ ውሃውን በፓምፕ አውጥቶ ያርሳል። አራት ወንዞች ወደ ቬምባናድ ሐይቅ ስለሚወርዱ ክረምት ሲበረታ ጎርፍ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ከባድ ጎርፍ ስለደረሰ ውድድሩ ራሱ ወደ ኖቬምበር ተዛውሮ ነበር። በበጋ ደግሞ የባሕሩ ጨው ማሳውን እንዳያበላሽ የታኒርሙኮም ግድብ ይዘጋል። ሩዙ ይተርፋል፤ ነገር ግን ባሕሩ ገብቶ ስለማያጥበው ቆሻሻውና አረሙ እዚያው ይከማቻል። በውሃ ተከቦ የሚኖር ሰው ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የሚቸገረው ለዚህ ጭምር ነው።

በሽታው

ከጎርፍ በኋላ ከሚፈሩት በሽታዎች አንዱ ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው፤ የአገሩ ሰው «ኤሊፓኒ»፣ የአይጥ ትኩሳት ይለዋል። ባክቴሪያው በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት ወደ ውሃ ይገባል፤ ከዚያም በቁስል ወይም በዓይንና በአፍ በኩል ወደ ሰውነት ይዘልቃል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የባት ሕመምና የዓይን መቅላት ያመጣል። ሲጠና ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ትምህርቱ

ታዲያ እዚያ የተመደበች ነርስ ገበሬውን «ውሃ ውስጥ አትግባ» ትበለው? እንጀራው እኮ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። እሺ ብሎ ይሰማትና ነገ ማሳው ይገባል። የሚጠቅመው ምክር ከኑሮው የሚነሣ ነው፦ ቁስልህን ሸፍን፣ ቦት ጫማ ካለህ አድርግ፣ ትኩሳት ከያዘህ ቀን አትቁጠር፣ በጎርፍ ጊዜ የጤና ሠራተኞች የሚሰጡህን የዶክሲሳይክሊን ክኒን በየሳምንቱ ውሰድ። ሕዝቡ በጀልባ የሚኖር ከሆነ ሕክምናውም በጀልባ ይሂድ፤ በኩታናድ ተንሳፋፊ ክሊኒኮች የተቋቋሙት ለዚሁ ነው።

ይህ ለአገራችንም ይሠራል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዓሣ አጥማጁን ከሐይቁ ራቅ ማለት ከሥራው ራቅ ማለት ነው።

ለጉብኝት ከሄዳችሁ

የተፈላ ወይም የታሸገ ውሃ ጠጡ። ቁስል ካላችሁ አትዋኙ፣ በጎርፍ ውሃ ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንደነበራችሁና ውሃ ነክታችሁ እንደሆነ ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩ።

ለውይይት

1. ነርስ ምክር ከመስጠቷ በፊት ስለ ታካሚው ሥራ ምን ምን መጠየቅ አለባት?
2. ወላጆቻችሁ ባደጉበት አካባቢ ሰው ሊተወው የማይችል፣ ግን ለበሽታ የሚያጋልጥ ሥራ የትኛው ነው? ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ አምጡ።