ዘይት ወይስ ጋዝ?

ጥያቄ፦ ቦስተን አቅራቢያ አሮጌ ቤት ገዝተናል። የሚሞቀው በዘይት ነው፤ ጎረቤቶቻችን «ወደ ጋዝ ቀይሩ» ይሉናል። ያዋጣናል?

መልስ፦ መጀመሪያ የጋዝ መስመር በመንገዳችሁ ማለፉን አረጋግጡ፤ ከሌለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ካለ፣ ዋጋውን በአንድ መለኪያ አስሉት። አንድ ጋሎን ዘይት 138,500 ቢቲዩ ገደማ ሙቀት አለው፤ ጋዝ የሚሸጥበት ቴርም ደግሞ 100,000 ቢቲዩ ነው። ስለዚህ የጋሎኑን ዋጋ ለ1.385 አካፍሉና ከአንድ ቴርም ዋጋ ጋር አስተያዩት። ጋዙ ቤት ድረስ የሚመጣበትን ክፍያም ደምሩ።

ቀጥሎ ቦይለሩ ነው። አዲስ ኮንደንሲንግ የጋዝ ቦይለር ከነዳጁ ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን ይጠቀማል፤ የተለመደው የዘይት ቦይለር ግን 80ዎቹ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ቦይለሩ፣ የጭስ ማውጫው ማስተካከያና የአሮጌው ታንክ ማስወገጃ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይበላሉ። ታንኩ ሲነሳ ከውጭ ያለው የመሙያ ቧንቧ አብሮ መነቀሉን በዓይናችሁ እዩ፤ ከቀረ፣ ቤት የተሳሳተ የዘይት መኪና ቤዝመንታችሁን በዘይት ሊያጥለቀልቀው ይችላል።

የዘይት ቦይለራችሁ ገና ደህና ከሆነ አትቸኩሉ፤ ገንዘቡን ቀድማችሁ ጣሪያውን ሙቀት እንዳያስወጣ ለማሸግ አውሉት። ካረጀ ግን ለመቀየር ጊዜው አሁን ነው። የቱንም ብትመርጡ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ ይኑራችሁ።