በጎርፍ ሜዳ ላይ የመንገድ ሥራ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤቶችን ማቀድ፦ ወረታና የፎገራ ሜዳ

የመንገድ ግንባታ ውል ሲፈረም ከሁሉ ቀድሞ የሚጀመረውና ከሁሉ ያነሰ ጥናት የሚደረግበት ሥራ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤቱ ነው። በዝርዝር የሥራ መጠን ሰነዱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ በጥቅል ዋጋ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው መዘግየቱ ሲያስቆጣ ብቻ ነው። የአማካሪ መሐንዲሱና የሥራ ተቋራጩ ቢሮዎች፣ ላቦራቶሪው፣ መኖሪያው፣ ጋራዡ፣ መጋዘኑና የነዳጅ ማከማቻው በአንድነት «ካምፕ» ተብለው ይጠራሉ። ቦታው የሚመረጠውም ብዙ ጊዜ ለመንገዱ በመቅረቡና ሜዳ በመሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት መመዘኛዎች በወረታና በፎገራ ሜዳ ላይ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጡበትን ምክንያት ማሳየትና በምትካቸው መታየት ያለበትን ማመልከት ነው።

ወረታ የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በውስጧ ያልፋል፤ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰውም ከዚሁ ይነሣል። ይህ የኋለኛው መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራ ሲሆን ሕዝቡ እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ጊዜያዊ የተባለ ሰፈር ጊዜያዊ ሆኖ እንደማይቀር ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአንዳንድ የአገራችን ከተሞች «አውራ ጎዳና» በሚል ስም የሚጠሩ ሰፈሮች ስማቸውን የወረሱት ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ግቢዎች ነው። ስለዚህ ካምፕ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሁለት ውኃዎች

የፎገራ ሜዳ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሲሆን ጉማራና ርብ ወንዞች ያቋርጡታል። ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ይመነጫሉ፤ ከተራራው ይዘውት የሚወርዱትን ደለል የሚጥሉት በዚህ ተዳፋቱ እምብዛም በማይታይ ሜዳ ላይ ነው። የወንዙ አልጋ በደለል ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው ከዳር የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል።

ለዕቅድ አውጪው ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን በሜዳው ላይ ጊዜያቸው የሚለያይ ሁለት ውኃዎች መኖራቸው ነው። የወንዞቹ ሙላት ዝናሙ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ይደርሳል። የጣና ሐይቅ ከፍታ ግን ጫፍ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወይም ከወጣ በኋላ ነው። ሐይቁ ሲሞላ የወንዞቹ መውጫ ይታፈናል፤ በሜዳው ላይ የተኛው ውኃም ቶሎ አይሸሽም። በመሆኑም «ዝናም አባርቷልና መስከረም ላይ ግንባታ እንጀምራለን» የሚል የጊዜ ሰሌዳ በደብረ ታቦር ዙሪያ ሊያስኬድ ይችላል፤ በፎገራ ዝቅተኛ ክፍል ግን የማሽነሪ ኪራይ እየከፈሉ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ፍሬ የለውም።

የጎርፉን ከፍታ ለማወቅ የካርታ ከፍታ መስመር ብቻውን አይበቃም፤ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ወሳኙ ልዩነት ከአንድ ሜትር በታች ነውና። የተሻለው መንገድ የ1998ቱ ውኃ የት እንደደረሰ የሚያስታውሱ አርሶ አደሮች በቤታቸው ግድግዳ፣ በዛፍ ግንድ ወይም በቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ እንዲያመለክቱ ማድረግ፣ ምልክቶቹንም በቅየሳ መሣሪያ ለክቶ ከመንገዱ ማመሳከሪያ ነጥቦች ጋር ማያያዝ ነው። የአንድ ሰው ትዝታ ሊሳሳት ይችላል፤ አምስትና ስድስት ምልክት በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ከወደቀ ግን ለጊዜያዊ ግንባታ የሚበቃ መረጃ ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚዘነጋ ጉዳይ የካምፑ ሙሌት ራሱ ውኃ የሚገድብ መሆኑ ነው። ውኃው በጥቅሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከጉና ወደ ጣና ይሄዳል፤ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ደግሞ ይህን አቅጣጫ ያቋርጣል። ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ የተነሣ ሙሌት ወደ ቱቦዎች የሚሄደውን ውኃ አስቁሞ በጎረቤት ማሳ ላይ ያስተኛዋል። በስተ ምዕራብ የተሠራ እንደሆነ ደግሞ ከቱቦዎች አፍ በኃይል የሚወጣው ውኃ በቀጥታ ሊመታው ይችላል። ምርጫው ከሁለቱ በአንዱ ላይ የግድ ከወደቀ የግቢው ረጅም ጎን ከውኃው ጉዞ ጋር ትይዩ እንዲሆን፣ ቦታውም በሁለት ቱቦዎች መካከል እንዲወድቅ ማድረግ ይገባል። ከጎረቤት ባለይዞታዎች ጋር የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህ አንድ ስሕተት የሚመነጭ ነው።

የሙሌቱ ሒሳብ

የሜዳው አፈር በአብዛኛው ጥቁር ሸክላ፣ በአካባቢው አጠራር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በቀጥታ በላዩ የተሠራ የብሎኬት ግድግዳ በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ውስጥ ይፈነጠቃል። ስለዚህ ወይ በገረጋንቲ መሙላት ወይም እንቅስቃሴውን የሚችል ቀላል ቤት መምረጥ ያስፈልጋል።

ለማነጻጸሪያ ያህል አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ካምፑ 2 ሄክታር ቢሆን፣ የጎርፉ ምልክት ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢልና ሌላ 30 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ ቢታከልበት፣ የሚያስፈልገው የተጠቀጠቀ ሙሌት 12,000 ሜትር ኩብ ነው። ልቅ ሆኖ ሲጫን 15,000 ያህል ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 940 ገደማ ምልልስ ማለት ነው። ገረጋንቲው ከኮረብታው ግርጌ ከ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢመጣና መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ቢፈጅ 11,300 ሊትር ያህል ነዳጅ ይጠይቃል። ሥራው ሲያልቅ መሬቱ ይመለስ ከተባለ ይኸው ሙሌት ተነሥቶ ይወጣልና ፍጆታው 22,600 ሊትር ይጠጋል።

አማራጩ ካምፑን ከሜዳው አውጥቶ ወደ ዓለም በር በሚወስደው መንገድ ከፍ ወዳለው ጠንካራ መሬት ማዛወር ነው። በዚህ ጊዜ ሙሌቱ ይቀራል፤ የዕለት ጉዞው ግን ይረዝማል። 12 ፒክአፖች ከሥራው መስመር 9 ኪሎ ሜትር ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ በቀን 432፣ በ25 የሥራ ቀን 10,800፣ በ30 ወር ደግሞ 324,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢታሰብ 38,900 ሊትር ገደማ ነው። በነዳጅ ብቻ ከተመዘነ እንግዲህ ሜዳው ይሻላል፤ ኮረብታውን በጭፍን መምረጥም ትክክል አይሆንም።

ሒሳቡን የሚለውጠው ካምፑን መክፈል ነው። ዋናው ካምፕ፣ ማለትም መኖሪያው፣ ጋራዡ፣ ነዳጁና ማዕከላዊ ላቦራቶሪው በኮረብታው ግርጌ ቢሆን፣ በሜዳው ላይ ደግሞ በ1,000 ካሬ ሜትር ግቢ ጥቂት የቢሮ ኮንቴይነሮችና አነስተኛ የሜዳ ላቦራቶሪ በኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ ቢቀመጡ፣ የሜዳው ሙሌት ወደ 600 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ይህ ተሞልቶ ተመልሶ ሲነሣ 1,100 ሊትር ገደማ ነው። የፒክአፖቹ ምልልስ በግማሽ ቢቀንስ 19,400 ሊትር ይሆናል፤ ድምሩ 20,500 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከሜዳው ጋር ሲነጻጸር በነዳጅ ረገድ ትልቅ አይባልም። በሩዝ መሬት ረገድ ግን ከ2 ሄክታር ወደ አንድ ዐሥረኛ ሄክታር መውረድ ነው። ቁጥሮቹ እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያሉ፤ በእያንዳንዱ ጨረታ ሊደገም የሚገባው አሠራሩ ነው።

ከላቦራቶሪው ጋር የተያያዘ አንድ ማስታወሻ፦ የአፈር የመሸከም አቅም የሚለካበት የሲ.ቢ.አር. ፍተሻ ናሙናውን ለአራት ቀናት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍን ይጠይቃል። ስለዚህ ከካምፑ ሁሉ ቀድሞ መጠናቀቅ ያለበት የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳይሆን ላቦራቶሪው ነው፤ የሙሌት አፈር ሳይፈተሽ የሚጀመር የመንገድ ሥራ የለምና።

ፍሳሽና ወባ

በዋልካ ላይ የተቆፈረ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ በበጋ የሚሠራ መስሎ ይታያል፤ በክረምት ግን ይሞላና ይገነፍላል። 150 ሰው በካምፑ ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ ከዚህም 80 በመቶው ፍሳሽ ቢሆን፣ በቀን 6፣ በወር 180 ሜትር ኩብ ይወጣል። 10 ሜትር ኩብ በሚይዝ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በወር 18 ምልልስ ነው። የነዋሪው ቁጥር ወደ 40 ቢወርድ አምስት ምልልስ ይበቃል። ጉልበት ሠራተኞችን ከአካባቢው ቀጥሮ በየቤታቸው እንዲያድሩ ማድረግ የማኅበራዊ ግዴታ ብቻ ተደርጎ ይቀርባል፤ በፎገራ ግን ምሕንድስናዊ መፍትሔም ነው።

የፎገራ ሜዳ የወባ አካባቢ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ውኃ የቋጠሩ ማሳዎችና ያልተደፈኑ የአፈር ማውጫ ጉድጓዶች ለትንኝ መራቢያ ይሆናሉ፤ ከደጋ የመጣ ሠራተኛም ከነዋሪው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። የሰው ኃይል ዝውውር ራሱ በሽታ እንደሚያጓጉዝ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተከሠተው የካላዛር ወረርሽኝ አስተምሯል፤ ወረርሽኙ ለወቅታዊ ሥራ ወደ ቆላ ወርደው ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዞ ነበር። በካምፑ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ የመስኮት ወንፊትና የጤና ባለሙያ ክፍል ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚጻፉትና በቅድሚያ የሚሰረዙት ነገሮች ናቸው።

የማን መሬት

በበጋ ወራት ሜዳውን የሚያይ እንግዳ ከሩዝ አጨዳ በኋላ መሬቱ ባዶውን የሚያድር ይመስለዋል። አይደለም። ሩዙ ከተነሣ በኋላ አርሶ አደሩ አፈሩ በያዘው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ውኃ ያገኘው ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ያለማል፤ የሩዙ ገለባም የከብቱ መኖ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በጊዜያዊነት ለሚለቀቅ የገጠር መሬት፣ መሬቱ ለባለይዞታው እስኪመለስ ድረስ ለሚታጣው ገቢ ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ገማቹ የሩዙን ምርት ብቻ ቆጥሮ ሁለተኛውን አዝመራና ገለባውን ከተወ ግን በሕግ የተሰጠው በስሌት ይቀነሳል። ግምቱ መሠራት ያለበት በማሳው ዓመታዊ ዑደት ላይ ነው። ሸሸርና ወለላን የመሰሉ ረግረጎችም እንዲሁ በበጋ ባዶ ይመስላሉ፤ የወፎች መኖሪያና የግጦሽ ቦታ ናቸው፤ አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ክልል ጋር የተያያዘ ነው። የኮረብታው ግርጌም ቢሆን ባለቤት አልባ አይደለም፤ የወል ግጦሽ ሊሆን ይችላልና ስምምነቱ ከቀበሌው ነዋሪ ጋር በግልጽ መደረግ አለበት።

የውሉ መጀመሪያ በሰኔ ወይም በሐምሌ ላይ ከወደቀ እስከ ኅዳር ድረስ በሜዳው ላይ ምንም መሥራት ስለማይቻል ወረታ ከተማ ውስጥ ቤት መከራየት ተገቢ መሸጋገሪያ ነው። ሆኖም አንድ ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ ሃያ ቤት ሲከራይ ኪራዩ የሚንርበት መምህሩና ነርሷ ነው። ጥቂት ትልልቅ ግቢዎችን በጊዜ ገደብ መያዝ የተሻለ ነው።

መመለስ

በጥቅል ዋጋ የሚከፈል ካምፕ አብዛኛው ክፍያ በመጀመሪያ ከተፈጸመ፣ ሥራ ተቋራጩ መሬቱን አስተካክሎ ለመመለስ የሚገፋፋው ነገር አይኖርም። መድኃኒቱ የመመለሻ ሥራውን በዝርዝር የሥራ መጠኑ ውስጥ ራሱን የቻለ፣ የሚለካ ሥራ አድርጎ ማስፈር ነው፤ የተነሣ ሙሌት በሜትር ኩብ፣ የተመለሰ የላይ አፈር በሜትር ኩብ። 2 ሄክታር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የላይ አፈር ቢገፈፍ 5,000 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ከጎርፉ ምልክት በላይ ካልተከመረ ሐይቁ ይወስደዋል።

የአንዳንድ ሕንፃዎች ለወረዳው መተላለፍ በጎ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቦታው መጀመሪያውኑ ለጤና ኬላ ወይም ለትምህርት ቤት በታሰበ ከፍ ያለ መሬት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በጎርፍ መንገድ ላይ የተተወ ቢሮ ነዋሪን ወደ ጎርፍ የሚጠራ ይሆናል።

የመሬቱ ርክክብም በዐይን እይታ መፈጸም የለበትም። ሩዝ ጠጣር ንጣፍ ያለበትን አፈር ይችለዋል፤ ውኃም ይይዝለታል። ከሥር በተከማቸ እርጥበት የሚኖረው ጓያ ግን ሥሩ የሚወርድበት ልል አፈር ይሻል፤ የቀረ ጠጠርም የአርሶ አደሩን ማረሻ ይሰብራል። ስለዚህ ለመመለሻ ሥራው ከተያዘው ክፍያ የተወሰነው ተቀማጭ ሆኖ፣ ባለይዞታው አንድ ሩዝና ተከታዩን ጓያ አጭዶ ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ እንዲለቀቅ በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ መጻፍ ይቻላል። የጓያው ምርት የሚለካው በጋው ሳይገባደድ ስለሆነ የተቀማጩ መልቀቂያ ቀን ከዚያ በኋላ እንዲውል ማድረግ ያስፈልጋል።