የተቃናው ጉልበት እስኪጠና

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከአንኮበር ነው። የ16 ዓመቷ ልጄ ስትራመድ ጉልበቶቿ ይጋጩ ነበር። አዲስ አበባ ወስደናት የአንድ እግሯ አጥንት ተቆርጦ ተቃና፤ በብረትና በብሎን ታስሯል። ይኸው 5 ሳምንት ሆናት፣ ጉልበቷ ግን አልታጠፍ አለ። ጎረቤት ሁሉ «ወጌሻ ይሻት፣ ካልረገጠች ትቀራለች» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ወጌሻ አያስጠሩ። ያ አጥንት ለማቃናት ተብሎ የተቆረጠ ነውና ገና እንደ ስብራት ይቆጠራል። ብረቱ እስኪጋጠም ይደግፈዋል እንጂ አይተካውም፤ እሽትና ጉተታ ብሎኑን አላልቶ የተቃናውን ሊያጣምም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ለመጋጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። መቼ ሙሉ በሙሉ እንደምትረግጥ የሚወስነው ራጅ ነው። ደብረ ብርሃን አስነስታችሁ ቀዶ ጥገናውን ለሠራላት ሐኪም አሳዩት።

የጉልበቱ መገተር ሌላ ጉዳይ ነው። አጥንቱ ቢያርፍም ጡንቻው ማረፍ የለበትም። ሐኪሙ ጉልበቷን እንዳታጥፍ ካልከለከላት፣ ተረከዟን ፍራሹ ላይ እየሳበች ቀስ ብላ ትጠፍ፤ ደግሞ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ወደ ፍራሹ ትጫን፣ እስከ 5 ቆጥራ ትልቀቅ። ይህን በየቀኑ ደጋግማ ትሥራ። ከጉልበቷ ሥር ትራስ አታድርጉላት፤ ይመቻታል፣ ግን እንደታጠፈ ይቀርባታል። ትራሱ ከተረከዟ ሥር ይሁን።

የአንኮበር ዳገት ያሳስበኛል። በክራንች ሽቅብ ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ቁልቁል ስትወርድ ክራንቹና ቀዶ ጥገና የተሠራለት እግር። ጭቃ በሆነ ቀን ከቤት አትውጣ፤ ደብተሩን ጓደኞቿ ያምጡላት። ለመጸዳጃም ቁጢጥ እንዳትል መሐሉ የተፈለፈለ ወንበር አሠሩላት።

ባቷ አብጦ ካመማት፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ግን አንዲት ሰዓት አትቆዩ፤ የረጋ ደም ሳንባዋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በእናንተ ብርድ የእግር ጣት መቀዝቀዙ አያስደነግጥም፤ ከሌላው እግር ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ ግን አስቸኳይ ነው።

የቫይታሚን ዲ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ጠይቁ፤ እጥረቱ እግር ያጣምማል፣ መጋጠሙንም ሊያዘገይ ይችላል። ቫይታሚኑ በፀሐይ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ደጋው ብርድ ነው እያልን ሕፃናትን ጠቅልለን ከፀሐይ እንደብቃለን። ታናናሾች ካሏት እግራቸውን ተመልከቱ። የተጣመመ ካለ አዲስ አበባ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ያያል፤ በእድገት ላይ ሳለ ከተደረሰበት፣ አጥንት ሳይቆረጥ እድገቱን በሚመራ ትንሽ ብረት ሊቃና ይችላል።